የዓለም 640ኛው ቴኒስ ተጫዋች ምን በልቶ ያድራል?

ቀበሌ14 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንዴት አመሻችሁ የሐይቅ ዳር ልጆች። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ባለፈው ረቡዕ ወደ 10 ሰዓት ገደማ አንድ ቤቲንግ ቤት ገባሁ። ልጫወት አይደለም፣ ጓደኛዬን ልጠራ ነው። (አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።) ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት። እግር ኳስ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ለካ ቴኒስ ነው። ምስል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ቁጥር ብቻ። 30 ለ 30። 40 ለ 30። እኩል። «የት ነው?» ስለው «ሞናስቲር» አለኝ። ሞናስቲር የት አገር ነው? አያውቅም። ተጫዋቾቹስ እነማን ናቸው? እሱንም አያውቅም። የሚያውቀው አንዱ የዓለም 640ኛ፣ ሌላው 700 ምናምነኛ መሆናቸውን ነው።

ትኬቱ ላይ ስድስት ጨዋታ አለ። አምስቱ ገብቶለታል። የቀረው ይሄ 640ኛው ነው። ሰውዬው ሦስተኛው «ሴት» (ጨዋታው የሚከፈልበት ክፍል) ላይ ተሸነፈ። ጓደኛዬ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና «ይሄ ሌባ! ሸጦት ነው!» አለ። ከዚያ ስሙን ኢንስታግራም ላይ ፈልጎ አንድ ነገር ጻፈለት። ምን ብሎ እንደጻፈ እዚህ አልደግመውም፣ እናትም የምታነበው መድረክ ነው።

ማታ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በዓለም ላይ ስንት ሚሊዮን ሰው ራኬት ይይዛል? ከዚያ ሁሉ 640ኛ መሆን ቀላል ነው እንዴ? እኔ በምሠራው ሥራ የባሕር ዳር 640ኛ ብሆን በደስታ አልተኛም። ታዲያ ይሄ ሰው ምን ይከፈለዋል? ማን ያበላዋል?

የምጠይቅበት የራሴ ጉዳይም አለ። የታላቅ እህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ሜዳ ላይ ኳስ ይለቅማል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ እንግዳ ጫፉ የተሰነጠቀ ራኬት ትቶለት ሄደ። ገመዱ ሲበጠስ ከዓሣ አጥማጆቹ ናይለን ለምኖ ይቀጥለዋል። ቋጠሮው ላይ ኳሷ ስታርፍ «ጧ» ሳይሆን «ዱብ» ትላለች፣ እሱ ግን ለምዶታል። አሁን ኳስ ከሚለቅምላቸው ሰዎች ግማሹን ይረታል። እሑድ ዕለት «ጋሼ፣ እኔ ፕሮፌሽናል ነው የምሆነው» አለኝ። ዝም አልኩት። ምን ልበለው?

---

የሞገዱ_ደጋፊ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

ከነማ ታዳጊ ቡድን ይግባ በለው። ቴኒስ የኮንትራክተር ጨዋታ ነው። አለቀ።

---

ጋሽ_ራኬት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ ቀበሌ14፣ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ኳስ ለቃሚ ሆኜ ነው የጀመርኩት። ፕሮፌሽናል አልሆንኩም። ግን ከጨዋታው ሳልለይ ፀጉሬ ሸብቷል።

ሞናስቲር ቱኒዝያ ነው፣ የባሕር ዳርቻ ከተማ። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ሳምንት በሳምንት ውድድር አለ። ቱርክ አንታልያ፣ ግብፅ ሻርም ኤል ሼክም እንዲሁ። የፕሮፌሽናል ቴኒስ የመጨረሻው ደረጃ ይሄ ነው። ወንዶቹ ጋ ኤም 15 ይሉታል። ስሙ የመጣው ከሽልማቱ ነው፣ የሳምንቱ ጠቅላላ ሽልማት 15,000 ዶላር ስለሆነ። ለአንድ ሰው እንዳይመስልህ። ለሁሉም ነው።

ሲከፋፈል እንዲህ ይሆናል። በነጠላ 32 ሰው ይገባል። ሳምንቱን ሙሉ አምስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ የወሰደው 2,160 ዶላር ያገኛል። ለፍጻሜ ደርሶ የተሸነፈው 1,272። ግማሽ ፍጻሜ 752። እየወረደ እየወረደ በመጀመሪያው ዙር የተሰናበተው 156 ዶላር ይዞ ይሄዳል። የጓደኛህ «ሌባ» ረቡዕ ዕለት መጀመሪያው ዙር ላይ ወድቆ ከሆነ ያገኘው ይቺኑ ነው፣ እሷም ግብር ሳይቆረጥባት። ጥንድም ተጫውቶ መጀመሪያ ዙር ከወደቀ ለቡድኑ 108 ዶላር ትሰጣለች፣ ለሁለት ተካፍለው 54፣ 54። ከዋናው ውድድር በፊት ያለው ማጣሪያ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ተጫውተህ ካልገባህ ባዶ እጅህን ነው።

አውሮፕላን በራሱ ነው። ማደሪያ በራሱ ነው። ምግብ በራሱ ነው። አሠልጣኝ? አሠልጣኝ የሚባል ነገር እርሳው፣ ያ ቅንጦት ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. የ2013ን ሒሳብ አስጠንቶ ነበር። ወንድ ተጫዋች ወጪና ገቢው እኩል የሚሆንለት የዓለም 336ኛ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ሴት 253ኛ። ይሄም የአሠልጣኝ ክፍያ ሳይታሰብ ነው። በዚያ ዓመት ወደ 14,000 ሰው ተወዳድሮ ግማሽ ያህሉ አምስት ሳንቲም አላገኘም።

እና ለጥያቄህ መልሱ፦ 640ኛው ሰው የሚበላው ከአባቱ ኪስ ነው። አባት ከሌለው ክረምቱን የሀብታም ልጆች ያሠለጥናል፣ ወይ ጀርመንና ፈረንሳይ ሄዶ ለሠፈር ክለብ በጨዋታ እየተከፈለው ይሰለፋል። በዚያ ገንዘብ ሞናስቲር ሄዶ ይከስራል።

---

የሞገዱ_ደጋፊ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ጥያቄ። 54 ዶላር ብለዋል? ሃምሳ አራት??

---

ጋሽ_ራኬት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

ሃምሳ አራት። እናንተ ጋ ሆቴል ለመዝናናት የሚጫወተው ሰውዬ ኳስ የሚለቅምለት ልጅ አለው። እዚያ የዓለም 640ኛው ኳሱን ራሱ ይለቅማል። ነጥብ ካለቀ በኋላ አጥሩ ሥር ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ኪሱ ከትቶ ይመለሳል። ማጣሪያው ላይማ ብዙ ጊዜ መስመሩንም የሚፈርዱት እነሱው ናቸው፣ ኳሷ ወጣች አልወጣች ብለው።

---

አሯሯጭ_ነበርኩ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እኔ ሯጭ ነበርኩ። ከሰከላ አካባቢ ነው የመጣሁት፣ ስታዲየሙ ዙሪያ ስንት ዓመት አቧራ በልቻለሁ። ይሄንን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ይለያል።

እኛ ጋ ሰዓት አለ። እዚሁ አገር ውስጥ፣ ወይ አንድ ቦታ ወጥተህ አንዴ ጥሩ ሰዓት ካስመዘገብክ ሰዓቱ ያንተ ነው። ማናጀሩ ወረቀቱን አይቶ ቲኬት ይልካል። 15 ከመቶውን ይቆርጣል፣ እሺ ይቁረጥ። ካላሸነፍክም አሯሯጭ ትሆናለህ፤ 25 ኪሎ ሜትር ስበህ ትወጣለህ፣ ይከፈልሃል። ስሜ ቴሌቪዥን ላይ ተጠርቶ አያውቅም፣ ግን ለእናቴ ቆርቆሮ ቤት ሠርቻለሁ።

ቴኒስ ጋ ግን ጋሼ እንዳሉት ከሆነ የሚለካህ ሰዓት ሳይሆን ሰው ነው። ባሕር ዳር ላይ የቱንም ያህል ብትመታ ደረጃ የሚያወጣልህ ነጥብ እዚህ አይሸጥም። ሞናስቲር ነው ያለው። ሄደህ ነው የምትለቅመው። ለመሄድ ደግሞ ገንዘብ፣ ገንዘብ ለማግኘት ነጥብ። ይሄ እንቆቅልሽ ነው እንጂ ስፖርት ነው?

---

ጋሽ_ራኬት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡26

ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኔ በሁለት ገጽ የማልገልጸውን በአንድ መስመር አስቀመጥከው። እንዲያውም ልጨምርልህ። ኤም 15 ላይ በዋናው ውድድር አንድ ጨዋታ ስታሸንፍ የምታገኘው አንድ ነጥብ ነው። አንድ። ዋንጫ የወሰደ 15። ያቺም ነጥብ 52 ሳምንት ከቆየች በኋላ ትረግፋለች። ስለዚህ ዘንድሮ የለቀምከውን በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሳምንት መልሰህ ካልለቀምክ ወደ ታች ነው። ታመምኩ፣ እግሬ ተላጠ፣ እህቴን ዳርኩ የሚባል ነገር የለም።

---

እውነቱ_ይነገር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ሁላችሁም እያሽሞነሞናችሁ ነው። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ የአውሮፓ ልጆች አሠልጣኝ፣ የሰውነት ማጎልመሻ፣ ምግብ፣ ሁሉ ተሟልቶላቸው ስምንት ዓመት ተጫውተዋል። የኛው ልጅ በዓሣ መረብ ናይለን ነው የሚጫወተው። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ትምህርቱን ይማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወት፣ አለቀ። አጎት ሆኖ ሕልም መመገብ ኃጢአት ነው።

---

ቀበሌ14 · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡48

ወንድሜ፣ ሕልም ብመግበው ኖሮ እዚህ መጥቼ እጠይቅ ነበር? ዝም ያልኩት ለዚሁ ነው። ግን አንተም ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ እየው። ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ ሌሊት ካፊያ ከነበረ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በመጥረጊያ ውሃውን እየገፋ መስመሩን በኖራ የሚያሰምረው እሱ ነው። ሰዎቹ ሁለት ሰዓት ሲመጡ ሜዳው ደርቆ ይጠብቃቸዋል። ለዚህ ማንም አልከፈለውም። ከሰዎቹ በፊት አንድ ሰዓት ግድግዳ ላይ መምታት ስለሚፈቀድለት ነው።

---

ፖሊ_ግቢ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡05

እኔ ስለ ገንዘቡ የምለው የለኝም፣ ስለ ኳሱ ግን አለኝ። ማንም ያላነሳው ነገር ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። የቴኒስ ሕግ መጽሐፍ ከ1,219 ሜትር በላይ ያለውን ሁሉ «ከፍተኛ ቦታ» ብሎ ለብቻው ይመድበዋል፣ የራሱ ዓይነት ኳስም አለው። ምክንያቱም አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ኳሷን አይዛትም። የተለመደው ኳስ ውስጡ የታመቀ አየር ስላለው እዚህ ሲከፈት ከውጭው አየር ይበልጥ ይጠነክራል፣ ይዘላል፣ ይበራል። እዚህ መስመር ላይ ያረፈች ኳስ ሞናስቲር ባሕሩ ዳር በተመሳሳይ ምት አጭር ትሆናለች። ልጁ እዚህ ተምሮ ዝቅ ያለ አገር ሲሄድ «ኳሷ ከበደችኝ» ማለቱ አይቀርም። ከአሁኑ ከታች ወደ ላይ እያሻሸ መምታት ይልመድ፣ ኳሷ እየተሽከረከረች እንድትወርድ። ዝርግ አድርጎ መምታት እዚህ ደስ ይላል፣ ግን አጉል ልማድ ነው።

ደግሞ የሚጫወትባቸው ኳሶች ምን ያህል ያረጁ ናቸው? ታላላቆቹ ውድድሮች ላይ መጀመሪያ ከ7 ጌም (የአንድ «ሴት» ትናንሽ ክፍሎች) በኋላ፣ ከዚያ በየ9 ጌሙ ኳስ ይቀይራሉ።

---

ቀበሌ14 · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

በየ9 ጌሙ? እኛ ጋ ኳስ የሚቀየረው ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ነው። እሱም ታንኳ በአቅራቢያው ካለ ይመለሳል። ፀጉሯ አልቆ እንደ ሎሚ የለሰለሰች ኳስ ታውቃለህ? እንደዚያ ነው።

---

ዴንቨር_ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ጊዮርጊስ ሠፈር ያደግኩ ነኝ፣ አሁን ዴንቨር ነኝ። እዚህም ከፍታው ከናንተ ብዙም አያንስም፣ 1,600 ሜትር ነው፤ ሱቅ ውስጥ ለከፍታ ቦታ የተሠራ ኳስ ለብቻው ይሸጣል። ልጄ የትምህርት ቤት ቡድን ውስጥ ስለምትጫወት ነው የማውቀው።

ለቀበሌ14፦ አንድ በር ረስታችኋል። የአሜሪካ ኮሌጅ። ቴኒስ በደንብ የሚጫወት ልጅ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዕድል ይሰጡታል። አራት ዓመት ይማራል፣ ምግብና መኝታ አለው፣ አሠልጣኝ አለው፣ ራኬቱን የሚወጥርለት ሰው አለ። ሲጨርስ ወይ ፕሮፌሽናል ይሞክራል፣ ወይ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ይገባል። ጆን ኢስነር ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተጫውቶ ነው የወጣው፣ በኋላ ከዓለም አሥር ውስጥ ገባ። ጎረቤታችንን ኬንያን እዩ። አንጄላ ኦኩቶይ እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዙ ትልቅ ውድድር ዊምብልደን ላይ የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ዋንጫ ወሰደች። ከዚያ አላባማ ውስጥ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ግን ልብ በሉ፣ ኮሌጁ ራኬት ብቻ አያይም። የትምህርት ውጤት ይጠይቃል፣ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። በታዳጊ ውድድሮች ላይ ስምህ የሆነ ቦታ መኖሩም ይረዳል። እውነቱ_ይነገር «ትምህርቱን ይማር» ያለው ስለ ሌላ ምክንያት ነው፣ ቃሉ ግን ልክ ነው።

---

እውነቱ_ይነገር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

እህቴ አመሰግናለሁ። «ስለ ሌላ ምክንያት» የምትለዋን ግን አልወደድኳትም 😄

---

የቪዛ_ሰልፍ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ስለ ጉዞ ልናገር፣ የኔ ሥራ ስለሆነ። የእነዚህ ትናንሽ ውድድሮች ምዝገባ የሚዘጋው ውድድሩ ከሚጀምርበት ሰኞ 18 ቀን ቀደም ብሎ ባለው ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት መግባትህን አለመግባትህን አታውቅም። የሸንገን ቪዛ ውሳኔ ደግሞ ፋይሉ ከገባ በኋላ በደንቡ እስከ 15 ቀን ይወስዳል፣ ያውም ቀጠሮ ከተገኘ፣ ያውም ወረቀት ካልጎደለ። 18 ሲቀነስ 15 ስንት ነው? የጀርመን ልጅ ሐሙስ ስሙን አይቶ እሑድ ባቡር ይሳፈራል። የኛ ልጅ ስሙን አይቶ አዲስ አበባ ለቀጠሮ ይሰለፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቪዛ ወደማይጠይቁን ጎረቤቶች ነው ማየት። ናይሮቢ አለ፣ የታዳጊ ውድድሮች ይካሄዱበታል። ኪጋሊ አለ፣ ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ ቻሌንጀር የሚባለውን፣ ከኤም 15 ከፍ ያለውን ውድድር ማዘጋጀት ጀምራለች። የኢትዮጵያ ልጅ ትልልቅ ተጫዋች በዓይኑ ሊያይ ቢፈልግ ቅርቡ ያ ነው።

---

ትኬት_ቆራጭ · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 5፡50

ቀበሌ14፣ ሊንኩን የላክልኝ አንተ ነህ፣ አውቄሃለሁ። ያ ወንበር ገፍቶ የተነሳው እኔ ነኝ።

ሁለት ቀን ስታገል ነው የጻፍኩት። የላክሁት መልእክት «ታይቷል» ይላል። መልስ አልሰጠም። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አየው ብዬ። ከዚያ ዛሬ ጋሼ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ገጹን መልሼ ከፈትኩት። የመጨረሻው ፎቶ አንዲት ጠባብ የሆቴል ክፍል ናት። አልጋው ላይ ትንሽ የራኬት መወጠሪያ ማሽን አስቀምጦ፣ እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ገመድ እየሳበ ነው። ከሥሩ ለሌሎች ተጫዋቾችም እወጥራለሁ፣ ቁጥሬ ይሄ ነው የሚል ማስታወቂያ አለ። እኔ 50 ብር አስይዤ ነው እንደዚያ የሰደብኩት። እሱን ብቻ ሳይሆን እናቱንም።

ከዚያ ስፈልግ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 458 ቴኒስ ተጫዋቾች በማኅበራዊ ሚዲያ ወደ 8,000 የሚጠጋ ስድብና ዛቻ ደርሷቸዋል። ከዚያ 40 ከመቶው የኔ ዓይነቱ ነው፣ በውርርድ ተበልቶ የተናደደ።

---

አሯሯጭ_ነበርኩ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡40

መናገርህ ጥሩ ነው። ግን «ሸጦት ነው» ያልከው ነገር ጨርሶ የሌለ ነው ወይ? እኔ ልጠይቅ።

---

ጋሽ_ራኬት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

የለም ማለት አልችልም። አለ። ይሄንንም ለልጁ መደበቅ አያስፈልግም።

እነዚህ ትናንሽ ውድድሮች ላይ ተመልካች የለም። ከአጥሩ ውጪ አንዲት እናትና አንድ ውሻ ቢኖሩ ነው። ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ዳኛ ነጥቡን በእጁ ባለው መሣሪያ ሲነካው እናንተ ጋ ባሕር ዳር ስልክ ላይ ይቀየራል። ያ ቁጥር ተሽጧል። ለውርርድ ድርጅቶች መረጃ ሆኖ ተሽጧል። ተጫዋቹ 156 ዶላር ያገኘበት ጨዋታ ላይ በዓለም ዙሪያ የተያዘው ብር ስንትና ስንት ነው። ከዚያ አንዱ መጥቶ «ሁለተኛውን ሴት ተሸነፍልኝ፣ 2,000 ዶላር» ይለዋል። ዋንጫ ቢበላ የሚያገኘውን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለቴኒሱ ዓለም የቀረበ ገለልተኛ ምርመራ ችግሩ በታችኛው ደረጃ እንደ ሱናሚ ነው ብሎ ጽፏል። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ብዙ ሰው «ፕሮፌሽናል» ተብሎ መኖሪያ ግን አያገኝም። አሁን ይሄንን ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አለ፤ የተያዘ ዕድሜ ልኩን እስከ መታገድ ይደርሳል። አብዛኛው ተጫዋች ግን አይሸጥም። የሚሸነፈው ስለተሸነፈ ነው። በሳምንት ከ32 ሰው 31 ይሸነፋል።

ትኬት_ቆራጭ፣ አንተም አትሰበር። ሰው መሆንህን ያሳየህ ነገር ነው።

---

የሞገዱ_ደጋፊ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ጋሼ፣ ግን ከታች ተነስቶ ያለፈለት የለም? አንድ ሰው እንኳ ንገሩን። ቁርሴ አልወርድ አለኝ።

---

ጋሽ_ራኬት · ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡00

አለ። ሦስት እነግርሃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ለምን ለልጁ እንዳትነግሩት እንደምፈልግ እነግራችኋለሁ።

ያያ ዱምቢያ ሴኔጋላዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም 453ኛ ሆኖ ፈረንሳይ ሊዮን ላይ ከማጣሪያ ተነስቶ ዋንጫውን በላው። የኛው አፍሪካዊ።

ማርከስ ዊሊስ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም 772ኛ፣ ከወላጆቹ ቤት የሚኖር፣ በሰዓት 30 ፓውንድ እያስከፈለ የሚያሠለጥን። ሊተወው ነበር፣ አሜሪካ የአሠልጣኝ ሥራ አግኝቶ። ፍቅረኛው «አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር» አለችው። ለዊምብልደን ማጣሪያው ራሱ ሌላ ማጣሪያ ነበረው፤ ስድስት ጨዋታ አሸንፎ ገባ። በዋናው ሰባተኛውን አሸነፈ። ከዚያ ትልቁ ሜዳ ላይ ከሮጀር ፌደረር ጋር ገጠመ። የመጀመሪያውን ሴት 6 ለ 0 ተገረፈ። ሁለተኛው ላይ አንድ ጌም ሲያገኝ ሜዳው ሙሉ ተነስቶ ጨፈረለት። ተሸነፈ፣ ግን 50,000 ፓውንድ ይዞ ወጣ።

ቫለንታን ቫሼሮ የሞናኮ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ጥቅምት ውስጥ 204ኛ ሆኖ ሻንጋይ ሄደ። በደረጃው ማጣሪያውም ውስጥ አይገባም ነበር፣ ሰው ሲቀር ተጠባባቂ ሆኖ ነው የገባው። ዋንጫውን ወሰደ። ፍጻሜው ላይ የገጠመው የአክስቱን ልጅ ነው! በአንድ ውድድር ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በዕድሜው ሙሉ ካገኘው የሚበልጥ።

አሁን ለምን አትንገሩት እንደምል። እነዚህን ሦስት ስሞች የሰማ ልጅ እያንዳንዱን ሽንፈት «ቀጣዩ ሳምንት ነው» እያለ 30 ዓመት ይሞላዋል። አይቻለሁ። እሱ ማየት ያለበት 400ኛውን ነው። 400ኛው ምን ይበላል፣ መቼ ይተኛል፣ ገመዱን ማን ይወጥርለታል። እሱን አይቶም «እሺ» ካለ፣ ያኔ የሚፈልገው ጨዋታውን ነው ማለት ነው። ከላይ ያሉት አሁን ትንሽ ተሻሽሎላቸዋል፤ የወንድ ፕሮፌሽናሎቹ ማኅበር (ኤቲፒ) ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ 250ኛ ድረስ ላሉት በዓመት ዝቅተኛ ገቢ ዋስትና ሰጥቷል፣ በ2024 ከ176 እስከ 250 ላሉት 75,000 ዶላር ነበር። 251ኛው ግን ቆሞ ያያል።

---

እውነቱ_ይነገር · ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

ጋሼ በዚህኛው ተስማምቻለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ያህል ክፉ እንዳልመስል። ልጁ ተጫዋች ባይሆንም እዚህ ከተማ ውስጥ ራኬት የሚወጥር ሰው የለም። ማሽን የለም። ሁሉም በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይልካል፣ በሳምንቱ ይመለስለታል። ይሄንን ሥራ አንድ ሰው ቢይዘው ይበላበታል። ሞናስቲር ያለው ሰውዬም በሱ አይደል የሚኖረው።

---

ቀበሌ14 · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጁን አስቀምጬ ነገርኩት። 640ኛውን። 156 ዶላሩን፣ ኳሱን ራሱ እንደሚለቅም፣ ራኬቱን ራሱ እንደሚወጥር፣ 52 ሳምንቱን። ዱምቢያን አልነገርኩትም ጋሼ።

አዳምጦ አዳምጦ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ራሱ ነው የሚወጥረው? ማሽኑ ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

እናቱ ከጓዳ ሆና ትስቃለች። እኔ ምን ልበል።

---

ዴንቨር_ነኝ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ክብደቱ ትንሹ ከአንድ ሻንጣ አይበልጥም። እኔ ለጥምቀት እመጣለሁ፣ ማሽን ቃል አልገባም፣ ገመድ ግን አመጣለሁ። አንድ ጥቅል 200 ሜትር ነው፣ ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ይበቃል፤ አስሉት። እስከዚያ ግን በዚያ ናይለን አይምታ እባካችሁ፣ ክንዱን ያመዋል።

---

ጋሽ_ራኬት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡35

የልጁን ራኬት ነገ ጠዋት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ላክልኝ፣ መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። በእጄ ያለ ገመድ አለ። ሰኞ ይመለስልሃል። እስከ ሰኞ ምን ይዞ ይመታል ብለህ እንዳትል፣ ከእንግዶቹ አንዱን ይለምን።

---

ትኬት_ቆራጭ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡02

ለሰውዬው ይቅርታ ጽፌለታለሁ። አላየውም ገና።

ቀበሌ14፣ ቅዳሜ 12 ሰዓት ነው ያልከው? አንድ ቆርቆሮ አዲስ ኳስ ገዝቻለሁ፣ ሦስት ፍሬ ነው ያለው። ዋጋውን አትጠይቀኝ። በየትኛው በር ነው የሚገባው?

---

ቀበሌ14 · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

በሐይቁ በኩል ባለው። ዘበኛው ከጠየቀህ የኳስ ለቃሚው ዘመድ ነኝ በል። መጥረጊያ ሁለት አለ፣ አንዱን ትይዛለህ።